አማርኛ የሚሰማው ውሻ

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ልታይ አየር ጤና አካባቢ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወረፋ ይዤ እንደተቀመጥኩ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ መጣችና ወለሉን መወልወል ጀመረች። ውሃው ውስጥ የጨመረችው የጥድ ሽታ ያለው፣ አፍንጫ የሚሰረስር የጀርም ማጥፊያ ነው። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በመሐረብ አፍንጫውን ሸፈነ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ሳብ አድርጌ አሸተትኩት። «እማማ፣ አስጠላዎት እንዴ? መስኮት ልክፈት?» አለችኝ ልጅቷ። «ተይው ልጄ፣ ዶሃ ደርሼ ልምጣ» አልኳት። ግራ ገብቷት ሳቀች። ስሜ ተጠርቶ ሐኪሙ ዘንድ እስክገባ ድረስ ከሃያ ዓመት በፊት ወደነበርኩበት ተመልሼ የውሻ ማደሪያ ሳጥብ ቆየሁ።

አዎ፣ የውሻ ማደሪያ። ዐረብ አገር ምን ትሠሪ ነበር ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ «ጽዳት» ብዬ አልፍ ነበር፤ ውሸትም አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ አገሬ ገባሁ፤ ከዚያ በጽዳት ድርጅት ቪዛ ተመልሼ ሄድኩ። ድርጅቱ አንዷን ባንክ፣ አንዷን ትምህርት ቤት ሲመድብ እኔንና ማርታን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የእንስሳት መጠለያ ላከን። የተጣለ፣ የተደበደበ፣ ባለቤቱ አገር ለቆ ሲሄድ መንገድ ላይ የተወው ውሻና ድመት የሚሰበሰብበት በጎ አድራጎት ነው። ማርታ የጴንጤ ልጅ ናት፣ የነቀምት፤ ከኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች። የመጀመሪያ ቀን የውሾቹን ጩኸት ሰምታ «ፋጤ፣ ለዚህ ነው እንዴ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማ የወጣልን?» ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ያን ጊዜ ዶሃ ገና ዛሬ ሰዎች በፎቶ የሚያሳዩኝን ዶሃ አልሆነችም። ለአንድ ትልቅ የስፖርት ውድድር ትሰናዳለች እየተባለ የትም ዞር ብትሉ ክሬን ነው፤ ዛሬ ያለፋችሁበት መንገድ ነገ ተቆፍሮ ታገኙታላችሁ። ታክሲዎቹ ብርቱካናማና ነጭ ነበሩ፤ ወንበራቸው የተቀደደ፣ ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ «ኤሲ የለም» የሚላችሁ። የምንኖረው የዶሃው ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር፣ ስድስት ሴት በአንድ ክፍል፣ በየአልጋው መጋረጃ ጋርደን ነው። ከታች ያለው ሱቅ ከረክ ሻይ በአንድ ሪያል፣ ሻዋርማ በሦስት ሪያል ይሸጣል። አርብ አርብ ጥቁር አባያችንን፣ ያቺን እጅጌዋ ላይ ብልጭልጭ ያላትን፣ ለብሰን አል ሙንተዛህ እንወርዳለን። እዚያ አንዲት ጠባብ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ አንድ ካሴት ደጋግሞ ሲያጫውት ሪባኑ አልቆ ዘፋኙ በየመሐሉ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ድምፁ ይሰምጥ ነበር። ማንም አልቅሶ አያውቅም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሹሮውን ይበላል። ስልኬ ትንሽ፣ አንቴናዋ የተሰበረ፣ ጥሪዋ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነበረች፤ እንደሷ የምወደው ዕቃ ኖሮኝም አያውቅ።

ውሻ ያስጠላኝ ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። እኔ የወሎ ቦረና እስላም ልጅ ነኝ፤ ምራቁ ከነካኝ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ሳልታጠብ አልሰግድም። ስለዚህ ንጹሕ አፈር በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩና ቧንቧው አጠገብ አስቀመጥኩ። የመጠለያው ኃላፊ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቀላት እንግሊዛዊት፣ ቆርቆሮውን አይታ አበባ ልተክል ያሰብኩ መስሏታል። በሳምንቱ ስመጣ ናና ተክላበታለች። እኔን ለማስደሰት ነው እኮ! ምን እላለሁ? ናናውን ሻይ ውስጥ እየጨመርን ጠጣነው፣ ሌላ ቆርቆሮ አመጣሁ፣ ያንንም እንዳትተክልበት ማርታ በካርቶን ላይ ራስ ቅል ሣለችበት። ሦስት ወር ሲሞላኝ ቡችሎቹን ጉያዬ ውስጥ አቅፌ ጡጦ አጠባ ጀመር፤ ሰባት ጊዜ መታጠቡም እንደ ሥራዬ አካል ሆነ።

ሴትዮዋ ሄለን ትባላለች። ባሏን ሥራ አምጥቶት አብራው የመጣች ናት፤ ያለ ደመወዝ ጠዋት ማታ እዚያ ትውላለች። ማርታ ይህ ነገር አልዋጥላት ብሎ «ፍሉስ ሳይከፍሏት? እና ምን ነክቷት ነው?» ትለኝ ነበር። በየቀኑ «ሄለን በሉኝ፣ ማዳም አትበሉኝ» ትለናለች። እኛ ደግሞ አንችልም። ማርታማ «የእህቴ ልጅ ሄለን ናት፤ ሽንት ጨርቋን የቀየርኩላት! አሁን ይህችን ትልቅ ሴትዮ ሄለን ብዬ ልጥራት?» አለች። ስለዚህ ፊት ለፊቷ ምንም አንላትም፤ ዞር ስትል ማዳም ናት።

ከቤት ሠራተኝነት ይዘነው የመጣነው ሌላ ልማድ ነበረን። ሥራችንን ጨርሰን የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ የመኪናዋን ድምፅ ቀድማ የሰማች «ማዳም መጣች!» ትላለች። በቃ፣ መጥረጊያ ይነሣል፣ ቧንቧ ይከፈታል፣ የታጠበው ወለል እንደገና ይታጠባል። ዐረብ አገር የሠራ ሐበሻ ሁሉ ይህችን ሁለት ቃል ያውቃታል። ስንቱ ጉርሻውን ሳያላምጥ ውጧል፣ ስንቷ ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣለች፣ ስንቱ እንባውን በጓንቱ ጠርጓል። ሄለን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታን አታውቅም፤ ቢሆንም እግራችን በራሱ ይነሣ ነበር።

እንግዲህ አንድ ማለዳ ከኡም ሰላል መሐመድ ሰፈር አንድ ሹፌር በፒክአፕ ውሻ ጭኖ መጣ። ባለቤቶቹ አንፈልገውም ብለዋል አለና ገመዱን በሩ ላይ አስሮ ሄደ። አሸዋ የመሰለ፣ እግረ ረጅም፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ጆሮው እንደ ጨርቅ የተንጠለጠለ ውሻ ነው። ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ሄለን «ሳንዲ» አለችው። ገና ሲገባ ከእንጨት መኝታው ሥር ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሄለን በእንግሊዝኛ አባበለችው፣ በምታውቃት ትንሽ ዐረብኛ ለመነችው፣ ዶሮ አቀረበችለት፤ ወይ ፍንክች። እጇን ስትሰድ ጓንቷን ቀጨም አደረገው። በሦስተኛ ቀን በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈችበት፤ ስትለጥፍ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀይ ወረቀት ማለት ሰው የሚፈራና የሚናከስ፣ ለቤተሰብ የማይሰጥ ማለት ነው። ቦታው ሞልቷል፤ ቀይ የተለጠፈበትን የእንስሳት ሐኪሙ ሐሙስ ሲመጣ በመርፌ ያሰናብተዋል። ያን ቀን እሑድ ነበር።

ሰኞ ማደሪያውን ላጥብ ስገባ ሄለን አልነበረችም። ውሻው በሩ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ፈራሁ፤ ደግሞም ደክሞኛል። እንዲያው ለራሴ እንደማጉረምረም ብዬ «እስቲ ተነሥ፣ ልጥረግበት» አልኩ። ተነሣ! ተነሥቶ ጥግ ሄዶ ቆመ። ባልዲዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። «ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ። «ና» አልኩት፤ ጭራውን እያወዛወዘ መጣ። «ማርታ! ማርቲ! ነይ ቶሎ! ይሄ ውሻ አበሻ ነው!»

ማርታ ሮጣ መጣች። «ውሃ ጠጣ» አለችው፣ ጠጣ። «ወይኔ ጌታዬ! ከኔ ይልቅ ይታዘዛል» ብላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሁለታችንም ገባን፤ የሆነች የአገራችን ልጅ ናት ያሳደገችው። እዚያ ቤት የሚያበላው እሷ፣ የሚያናግረው እሷ፣ ሌላ ቋንቋ ሰምቶ አያውቅም። ለማዳም ነግረን ቀይ ወረቀቱን እናስነሣለን ብለን በደስታ ስንጠብቅ የመኪናዋ ድምፅ ተሰማ። ማርታ ከልማዷ «ማዳም መጣች!» ብላ ጮኸች፤ መጥረጊያችንን አነሣን። ሄለንን እጇን ይዤ ወደ ማደሪያው ስወስዳት ውሻው ከእንጨቱ ሥር ገብቷል። «ና» ብለው ጥርሱን አሳየኝ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ፤ እኛ ብቻችንን ስንሆን እንደ ልጅ ይጫወታል፣ እሷ ስትመጣ አይታይም። ሄለን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አውቃለሁ ፋቲማ፣ አሳዝኖሽ ነው» አለችኝ። ለውሻው ስል የፈጠርኩት መስሏት ነው፤ ይህ በጣም አናደደኝ።

ረቡዕ መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ነበርና በታክሲ መጣች። ድምፁን አላወቅነውም። ማርታ መጋዘን ውስጥ ናት፤ እኔ ግቢው መሐል ተቀምጬ ሳንዲ አገጩን ቦት ጫማዬ ላይ አስደግፏል። ቀና ስል ሄለን ፊቴ ቆማለች። ክው አልኩ። ውሻው ግን ተነሣ፣ ጫማዋን አሸተተ፣ ጭራውን አንድ ሁለቴ ወዘወዘ። ሄለን ሳትነካው ቆመች። በዚህ መሐል ማርታ ከመጋዘን ብቅ አለችና «ውይ፣ ማዳም መጣች!» አለች። ውሻው እንደተተኮሰ ተስፈንጥሮ ከእንጨቱ ሥር ገባ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የፈራው ሴትዮዋን አይደለም፣ «ማዳም መጣች» የምትለዋን ቃል ነው። ያቺ ልጅ እመቤቷ ስትመጣ እንዲደበቅ አስተምራዋለች፤ እኛ ደግሞ ሄለን በመጣች ቁጥር ተደበቅ እያልነው፣ ቀይ ወረቀት ያስለጠፍንበት እኛው ነን።

ለማርታ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «እና ምን ልትያት ነው? ስትመጪ እየተጠራራን ሥራ ላይ ያለን እንመስላለን ልትያት? ኸላስ፣ ለድርጅቱ ትነግርና ሁለታችንንም ወደ ሰው ቤት ሥራ ይመልሱናል። ፋጤ፣ እኔ ሰው ቤት አልመለስም። በኢየሱስ ስም!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም አልመለስም ነበር። ሌላ መንገድ ስንፈልግ ዋልን፤ ማርታ ከነገ ጀምሮ ዝም ብንልስ አለች፤ ግን ነገ ሐሙስ ነው፣ ውሻው ደግሞ ለማንም ቢሰጥ አንድ ሐበሻ ያንን ቃል አንድ ቀን ማለቱ አይቀርም። ያኔ የሆነ ልጅ ቢነክስስ? ሐሙስ ጠዋት ማርታን «አንቺ ምንም አታውቂም፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር፣ ዶክተር ኡስማን፣ ረጋ ያለ፣ እጀ ሰፊ። ሳጥኑን ይዞ ገና ሲገባ በዐረብኛ ያዝኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥላው ሥር መቀመጣችንን፣ መጠራራታችንን፣ ያቺን ቃል። እሱ ለሄለን በእንግሊዝኛ አስረዳት። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፣ ፊቷን አይቶ ተወው። ሄለን ደም መሰለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፋቲማ፣ ለምንድነው የምትፈሩኝ?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ማርታ ከኋላዬ መጣችና «እኔም እላለሁ። ማዳም መጣች የምለው በብዛት እኔ ነኝ» አለች። ላቅፋት ፈለግኩ።

ጉዱ ግን «መጣች» ስትል ብቅ ብሎ የነበረው ውሻ ሰምቶ ኖሮ ተመልሶ ተደበቀ! «ያላ፣ የሚያስገባ ቃል ካለ የሚያስወጣም ይኖራል። አምጪው» አለ ዶክተሩ። «ና» አልኩ፣ «ውጣ» አልኩ፣ «አይዞህ» አልኩ፤ ማርታም ሞከረች። አልወጣም። ሄለን ቀዩን ወረቀት እያየች እጇን ታፍተለትላለች፣ ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ያቺን ልጅ ብሆን ምን እል ነበር ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሰው ቤት የሠራሁትን አስታወስኩ፤ የግቢው በር ተከፍቶ የእመቤታችን መኪና ሲወጣ፣ እኔና አብራኝ የምትሠራው ልጅ ማድ ቤት ውስጥ ተያይተን የምንለውን። ተንበርክኬ ከእንጨቱ ሥር «ሄደች» አልኩት። «ማዳም ሄደች።»

መጀመሪያ አፍንጫው ወጣ። ከዚያ ጆሮው፣ ከዚያ ያ ረጅም እግሩ። ወጥቶ ሲቆም ሄለን ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማለች። እሷን አየ፣ እኔን አየ። እንዴት እንዳፈርኩ! ዋሽቼዋለሁ፤ ሄደች አልኩት፣ ይኸው ቆማለች። እሱ ግን ዓይኑን ትቶ እኔን አመነ። ሄለን ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ መዳፏን ላሰላት። ዶክተር ኡስማን ሳጥኑን መልሶ ዘጋና «አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ይሄን ሹግል፣ ይሄን ሥራ፣ አልወደውም» አለ። ወረቀቱን የቀደደችው ሄለን ናት፤ ስትቀድ ታለቅስ ነበር፣ እኛም አለቀስን።

ለድርጅቱ ምንም አልተናገረችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ማዳም የሚባል ቃል ተከለከለ። ሄለን ብቻ ማለት አሁንም አላስችል ሲለን ማርታ መላ አገኘች፤ «እትዬ ሄለን» አልናት። ምን ማለት ነው ስትለን «ታላቅ እህቴ» አልናት፣ ደስ አላት። ዛሬም ድረስ ስለዚያ ግቢ ሳስብ ፀሐዩ፣ የሞቀው ሲሚንቶ፣ የናናው ሻይና እትዬ ሄለን ጥላው ሥር እኛው መሐል ተቀምጣ ነው የሚታዩኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ፈታ ብዬ የሠራሁበት የለም።

ሳንዲን በወሩ ባልና ሚስት አስተማሪዎች ወሰዱት። አሥራ አንድ የአማርኛ ቃል በነሱ ፊደል ጻፍንላቸው፤ ሰውየው «ና» ሲል «ናህ» ይላል፣ ውሻው ግን ይቅር ብሎት ይመጣል። በበጋው ኮንትራታቸው አልቆ አገራቸው፣ በረዶ የሚወርድበት ቦታ፣ ይዘውት ሄዱ። እኔ ግን ያቺ ልጅ ከልቤ አልወጣ አለች። ማርታ በጸሎት ቡድኗ በኩል አጠያየቀች፤ እዚያው ሰፈር የምትሠራ አንዲት እህት፣ ውሻው የነበረበት ቪላ ውስጥ ሰዓዳ የምትባል የወሎ ልጅ እንዳለች፣ አርብ ፈቃድ እንደማታገኝ፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ግን ቆሻሻ ልትደፋ እንደምትወጣ ነገረችን።

አርብ በታክሲ ሄድኩ። ወጣች፤ ሃያ ዓመት ይሆናት ይሆናል፣ ከረጢቱን በሁለት እጇ አንጠልጥላ። «ሰዓዳ፣ ውሻው በሕይወት አለ» አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት። ግድግዳውን ተደገፈች። «ሹፌሩ ተገደለ ብሎኝ ነበር» አለች። ባባ፣ አባወራው፣ ለልጆቹ ብሎ ቡችላ ሳለ አመጣው፣ ልጆቹ ሰለቹት፣ ማዳም ደግሞ ዓይኗ ካየው ይጣላል ስትል እሷ ጓሮ ደብቃ አሳደገችው። አብራት የምትሠራው የኔፓል ልጅ ናት፣ አይግባቡም። ቃሏ ልታስገድለው ደርሳ እንደነበር አልነገርኳትም።

«ስሙን ማን አላችሁት?» አለችኝ።

«ሳንዲ።»

«ጨዋታ ነበር ስሙ» አለች፣ አፈር ብላ። «ጨዋታ ብዬ ነበር የምጠራው።» ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየችና ቶሎ ቶሎ «እትዬ፣ በአማርኛ የሚያናግረው ሰው አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት። ውሻው አገር ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» አለችና ሮጣ ገባች። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ እስከ ኦልድ ኤርፖርት ድረስ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው አርብ፣ በዚያው ሰዓት፣ ተመልሼ ሄድኩ። ሰዓዳ በሩን ከፍታ ስታየኝ ከረጢቱ ከእጇ ወደቀ።

«ምነው እትዬ? ሞተ እንዴ?»

«ምንም አልሆነም» አልኳት። «ለጨዋታ ነው የመጣሁት።»